የአያት ስም ሞልተናል፤ አያትን ግን የት እናስቀምጣት?

ይድረስ ለከተማችን የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለእድር ዳኞች፣ እንዲሁም እናት አባታችሁን ከገጠር ወደ ከተማ ላመጣችሁ ልጆች ሁሉ
ደብረ ማርቆስ

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

በአገራችን የትኛውንም ቅጽ ብታነሡ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ይላል። መታወቂያ ስናወጣ፣ ልጅ ስናስመዘግብ፣ የባንክ ደብተር ስንከፍት የአያት ስም ካልተሞላ ወረቀቱ አያልፍም። እኔም ስንት ጊዜ እንደሞላሁት አላውቅም። የሚጻፈው ደግሞ የወንዱ አያት ስም ነው። የሴቷ አያት ስም የሚሞላበት ቅጽ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የምጽፍላችሁ በሕይወት ስላለች አንዲት አያት ነው። የኔ እናት፣ የልጆቼ አያት። እኛ «እምየ» እንላታለን።

እምየ የኖረችው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። የጮቄ ብርድ የሚሰማበት ደጋ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። የአርባው ተዝካር እንዳለፈ ወንድሞቼና እኔ ተቀምጠን ተማከርን። «ብቻዋን እንዴት ትኖራለች?» አልን። መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። በሬዎቹ ተሸጡ። አንዷን ላም ጎረቤት ያዘልን። እምየም አንድ ሣጥን፣ አንድ አገልግልና እንዝርቷን ይዛ ማርቆስ ገባች። እኛም እፎይ ብለን «አሁን አረፈች» አልን።

ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ። በቋንቋችን «አረፈ» የምንለው ሥራውን ጨርሶ ለተቀመጠም ለሞተም ነው። ያኔ አላሰብኩትም።

በመጣች በሁለተኛው ወር የነዋሪ መታወቂያ ልናወጣላት ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። የምትጽፈው ልጅ ጨዋ ናት። ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት። ስሟን ጠየቀቻት፣ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። ከዚያ «ሥራ?» አለች። እምየ ቀልጠፍ ብላ «ገበሬ ነኝ» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም።

በክልላችን የገጠር መሬት ተመዝግቦ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ስም አንድ ላይ ተጽፎ የሁለቱም ፎቶ እንደሚለጠፍበት ታውቃላችሁ። እምየ በዕድሜዋ መጀመሪያ የተነሣችው ፎቶ እሱ ነው። ደብተሩን በነጠላ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እዚያ ላይ ባለይዞታ ናት፤ በመንግሥት ማኅተም። በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ መጥታ ሥራ የሌላት ሴት ሆነች። መሬቱ እንዳይወሰድባት ስትሰጋ እኛ «አይዞሽ፣ ማንም አይነካብሽም» እያልን ስለ ማሳው ብቻ ነበር የምናጽናናት። የፈራችው ግን ሌላም ነገር ነበር። ማን እንደሆነች የሚመሰክርላት ወረቀት ያ ብቻ ነው።

በአገሯ እምየ ስንት ሰው እንደነበረች ልንገራችሁ። ሰርግ ሲደገስ ጌሾውን እሷ ሳታየው ጠላ አይጠነሰስም። ልጅ ሲታጭ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና የምትቆጥረው እሷ ናት። ሁለት ጊዜ «ይሄ አይሆንም፣ በቅድመ አያታቸው ይገናኛሉ» ብላ ጋብቻ አስቀርታለች። የተጣሉ ጎረቤቶች በአደባባይ ሽማግሌዎች ከመቀመጣቸው በፊት ሴቶቹን በጓዳ የምታስማማው እሷ ነበረች። ደግሞ የልምድ አዋላጅ ነበረች። እኔንም ተናናሾቼንም ትቼ፣ የመንደሩን ግማሽ ልጅ ተቀብላዋለች።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጡ። ቀስ በቀስም «እናት በጤና ተቋም ትውለድ» ተባለ። እምየ ማዋለዱን ያለ ቅሬታ ነው የተወችው። «ደም ሲበረታ የኔ እጅ ምን ያውቃል? እነሱ መርፌ አላቸው» ነበር ያለችው። ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። ባለ ምጧን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው እሷ ሆነች። ገንፎውን የምታገነፋው፣ አራሷን የምታሳርፈው እሷ ሆነች። ለዚህ ነው «ሽማግሌ ለውጥ አይወድም» ሲባል የሚያናድደኝ። እምየ ከድንግልና ወደ ትዳር፣ ከሙሽርነት ወደ እናትነት፣ ከእናትነት ወደ አማትነት፣ ከአዋላጅነት ወደ አራስ ጠባቂነት ተሸጋግራለች። አንዱን ስትለቅ የምትይዘው ሌላ ነበራት። እኛ ስናመጣት ግን ያስለቀቅናት እንጂ ያስያዝናት ነገር የለም።

ከሁሉ የጎዳኝን ልንገራችሁ። እምየ አልቃሽ ናት። ለቅሶ ላይ ግጥም የምታወርድ፣ የሟቹን ሥራና ጠባይ ቆጥራ ሰውን የምታስለቅስ። ጎጃም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከሦስት ቀበሌ ማዶ ሰው ሲሞት በቅሎ ተልኮላት የሄደችበት ጊዜ አለ። አባቴ የሞተ ዕለት ለራሷ ባል ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤

በሬው ከደጅ ቆሞ ቀንበሩን ያሸታል፣
ጌታው አፈር ገባ፣ ማን ሄዶ ይነግረዋል።

ከተማ ከገባች በኋላ ከግቢያችን ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ አንድ አባወራ ሞተ። ድንኳን ተተከለ። እምየ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ወገቧን አስራ ሄደች። ሟቹን አታውቀውም፤ ግን ቀድማ ጎረቤት ጠይቃ ታሪኩን ይዛለች። ሥራዋ ስለሆነ። ድንኳኑ ውስጥ ቆማ የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳወጣች አንድ ወጣት በትሕትና ክንዷን ይዞ «እማማ፣ ይቅርብዎ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም» አላት። ተቀመጠች። ማታ ቤት ስትገባ እራት አልበላ አለች። «እዚህ አገር ሰው ዝም ተብሎ ነው የሚሸኘው?» አለችኝ። ልጁን አልወቅስም። ሙሾ እንዲቀር የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይመክራሉ፣ የከተማ ሥርዓትም ሌላ ነው። ግን ያን ቀን እናቴ ከሃምሳ ዓመት ሙያዋ በአንድ አረፍተ ነገር ተሰናበተች። የመሰናበቻ ደብዳቤ እንኳ የላትም።

አማቴን አይቻለሁ። እርሳቸው መምህር ነበሩ። 60 ዓመት ሲሞላቸው ሕጉ እንደሚለው ጡረታ ወጡ። ባልደረቦቻቸው አዳራሽ ውስጥ ሸኟቸው፤ ጋቢ አለበሷቸው፣ ንግግር ተደረገላቸው። ወር በወር ጡረታቸው ይገባል። ከደመወዛቸው ሲቆረጥ የኖረ፣ መሥሪያ ቤቱም የጨመረበት ገንዘብ ነው። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። የት እንደሚሄዱ አላወቁም። ለአንድ ዓመት ያህል በየካፌው «ቲቸር» ሲባሉ ዘወር የሚሉበትን አቅጣጫ ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር። የዳኑት ልጄን አንደኛ ክፍል ማድረስ ሲጀምሩ ነው። ጠዋት እጁን ይዘው ይሄዳሉ። በር ላይ የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነ ጥበቃ ወይም መምህር ያገኛሉ። አሁን የልጄ ጓደኞች ሁሉ አባባ ነው የሚሏቸው። ኮቱም ሥራውን አገኘ።

ጡረታ የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው የመጣ ነው። ወላጅን መጦር፣ ጧሪ ቀባሪ መሆን። የመንግሥት ሠራተኛ የሚጦረው ሕግ አለው። ሞፈር ለልጁ ያስረከበ ገበሬ ግን ጧሪው ልጁ ብቻ ነው። መሬቱን በስጦታ ለሚጦረው ልጅ አዙሮ፣ ከዚያ የልጁን ፊት እያየ የሚበላ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ሴቷ ደግሞ ሞፈርም የምታስረክብበት ቀን የላትም። ድንገት አንድ ቀን «አንቺ አትነሺ፣ ልጆቹ ይሠሩታል» ትባላለች። በቃ።

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። «እምየ፣ አንቺ አትነሺ።» ሊጥ ልታቦካ ስትል ከእጇ ወሰድኩ። ጥጥ ስትፈትል «ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ፣ ነጠላ እገዛልሻለሁ» አልኳት። ሠራተኛዋ ቡና ስታፈላ እምየ ሶፋ ላይ እንግዳ መስላ ትቀመጣለች። በአገሯ ቡና ሲፈላ ሦስተኛውን ሳትመርቅ ሰው አይነሣም ነበር። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በፍቅር ነው። እናንተም በፍቅር ነው የምታደርጉት፤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው በግልጽ የምጽፍላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አባቴ እንዳረፈ እምየ አስባ የጨረሰችው ነገር ነበራት። ቆብ ልትደፋ ነበር። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን የዳረች ሴት ብዙ ጊዜ በንስሐ አባቷ በኩል ትመነኩሳለች። ቤቷን ጥላ ገዳም መግባት የለባትም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ይበቃታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ይቀየራል፤ ሰው ሁሉ «እማሆይ» ይላታል። የሚጣላ ሰው ፊቷ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የታመመ ሲኖር «እማሆይ ይጸልዩልን» ይባላል። ሴት ልጅ ሚስትነቱ ሲያበቃላት የምትገባበት በር ሆኖ በባህላችን የቆየ ነው። እኛ መሪጌታ አይደለንም፣ ግን ይህን ሁሉም የገጠር ልጅ ያውቃል። እኔ ደግሞ ስትነግረኝ «ምን ጎደለሽና ነው? ልጆች የሉሽም ወይ?» ብዬ ተቆጣኋት። ቆብ የሚደፋው ልጅ ያጣ ሰው መስሎኝ። የሚቀጥለውን ስሟን ከአፏ ነጥቄ «የእገሊት እናት» አድርጌ አስቀረኋት።

ስለ እህቴ ልጅም ትንሽ ልበል። እህቴ አረብ አገር ስትሄድ ልጁን ለእምየ ትታ ሄደች። ልጁ እምየን «እምየ» ይላታል፤ የወለደችውን እናቱን በስልክ በስሟ ይጠራታል። በጎጃም እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ነው። እምየ በስድሳ ምናምን ዓመቷ ዳግመኛ እናት ሆናለች ማለት ነው። ግን ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጣ» ሲባል እሷ ስትሄድ «የእናቱ ውክልና አለሽ?» ትባላለች። ልጁን ማን እንደሚያሳድገው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ወረቀቱ አያውቅም።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በሆነው ነገር ሳይመክሩ፣ ተዝካር እንኳ ሳያወጡ፣ በአንድ ሌሊት ከቀያቸው ወጥተው ልጅ ቤት የተጠጉ አዛውንቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የኔ እናት በሚኒባስ ሣጥኗን ይዛ ነው የመጣችው። የእነሱን ለመናገር እኔ አቅሙ የለኝም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

የእድር ዳኞች ሆይ፤ ሰው ከቀበሌ ቀበሌ ሲዛወር መሸኛ ይዞ ይመጣል። የእድር መሸኛ ለምን አይኖርም? እምየ በአገሯ እድር ከሠላሳ ዓመት በላይ ከፍላለች። ድንኳን ተሸክማለች፣ ለስንቱ ቤት ንፍሮ ቀቅላለች። እዚህ አንድ እድር ጠይቀን ነበር። እንደ አዲስ መመዝገቢያ ክፈሉ፣ ለጊዜው ግን አገልግሎት አታገኝም ተባልን። ገንዘቡ አይደለም የከበደን፤ ከፈልን። እምየ ግን ለብዙ ሌሊት «እዚህ ብሞት ማን ብሎ ይቀብረኛል?» ትል ነበር። የአገሯ እድር ሰብሳቢ «እገሊት የኛ ሰው ናት፣ ይህን ያህል ዘመን ከፍላለች፣ ይህን ትሠራ ነበር» ብሎ አንድ ገጽ ቢጽፍላትና እናንተ ደግሞ ያን በስብሰባ ላይ ብታነቡላት፣ በአንድ ቀን ሰው ትሆናለች። ከተቻለም የቆየችበትን ዘመን ቁጠሩላት።

የቀበሌ ሠራተኞች ሆይ፤ እናንተ በሥራ የተወጠራችሁ መሆናችሁን አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ለገንዘብ ይሁን፤ እኔ የምጠይቀው ገንዘብ አያስወጣም። አዲስ የመጣ አዛውንት ስትመዘግቡ ምን እንደሚያውቅ ጠይቃችሁ በአንድ ደብተር ያዙ። ማን አስታራቂ ነው? ማን ዝምድና ይቆጥራል? ማን ስፌት፣ ማን ፈትል ያውቃል? ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ ሽማግሌ ትፈልጋላችሁ። የምትጠሩት ግን የምታውቋቸውን አምስት ስድስት ወንዶች ነው። እምየ ያለችበት ቤት ከጽሕፈት ቤቱ አምስት ደቂቃ አይሆንም። እስከ ዛሬ የጠራት የለም። የጤና መድኗም የተመዘገበው በዚያው በገጠሩ ነው። ልትታከም ስትል እንደገና ከዜሮ እንድትጀምር አታድርጓት፤ እናንተ ከላኪው ቀበሌ ጋር በስልክ ተነጋገሩላት።

ትምህርት ቤቶችንም እግረ መንገዴን ልለምን። በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ እምየ አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷ ምን ይዞ ከቤት እንደወጣ ታስታውሳለች። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ አዲስ ሙሽራ ነበረች። በ1989 መሬቱ እንደገና ሲደለደል ማን ምን እንደተቀነሰበት፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ በስም ትነግራችኋለች። ልጆቻችን ይህን ለፈተና ያጠኑታል። ያየችው ሴት ደግሞ እዚሁ ሰፈር ግድግዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ወንበር ስጧት። ትመጣለች፤ እኔ ዋስ ነኝ።

የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው የዓለም አረጋውያን ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። የግሸን ማርያም ዕለት ነው፤ ስለዚህ ለአዛውንቶቻችን ለመርሳት የሚያስቸግር ቀን አይደለም። በዚያ ቀን ብርድ ልብስ መስጠታችሁን አላቃልልም፤ የማርቆስ ብርድ ብርድ ነው። ግን ከመድረኩ የምንናገረው እኛ ነን፣ እነሱ ከታች ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። በዚህ ዓመት ገልብጡት። እነሱ ይመርቁ፣ ያውሩ፣ የሚያውቅ ፉከራውን ያሰማ። እኛ እንስማ።

ለእናንተ ለልጆቹ የምላችሁ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ነው። እናታችሁን ከማምጣታችሁ በፊት «ምን ይጎድልብሻል?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቋት። «ምን ነበርሽ? ቀጥሎስ ምን ልትሆኚ አስበሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። ቤታችሁ ስትገባ አንድ ነገር የሷ ይሁን። የቡናው ምርቃት ይሁን፣ የሊጡ እርሾ ይሁን፣ ልጅ የማድረስ ይሁን። እሷ ካልነካችው የማይሆን አንድ ነገር።

ባለፈው ጥር አንድ ነገር ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ ወለደች። እናቷ ሩቅ ናት፣ መንገዱ አላስመጣትም። ልጅቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሕፃኑ ጡት አልይዝ ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ ይሰማናል። ጠዋት እምየ ሳትጠራ ተነሥታ ሄደች። ሦስት ቀን እዚያው አደረች። አራተኛው ቀን ስትመለስ ነጠላዋ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ካየሁት ብዙ ጊዜ የሆነኝን ፊት ይዛ ገባች። «እጄ አልረሳም እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አራስ ሲኖር በር ይንኳኳል። የሚፈልጉት እኔን አይደለም።

ያን ሰሞን አንድ ማታ ቁጭ ብለን ስለ ቆቡ አወራን። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምን ይቅርታ አለው ልጄ፣ ገና መች መሸ» አለችኝ። አሁን ወንድሜ በአገሯ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ጎጆዋን እየጠገነ ነው። ሣሩ ተከድኗል፣ በሩ ቀርቷል። ክረምት ሲወጣ ትሄዳለች። አራስ ካለ ደግሞ ትመጣለች፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ አስምሏታል።

ስትመለስ መታወቂያዋ የሚታደስበት ጊዜ ይሆናል። እኔ ይዣት እመጣለሁ፤ በዚህኛው ዙር ዝም አልልም። ስሟን ስትጠይቋት ምናልባት ሌላ ስም ትነግራችሁ ይሆናል። «ሥራ» የሚለው ጋ ስትደርሱ ግን እባካችሁ እኔን አትዩኝ። እሷን ጠይቋትና ያለችውን ጻፉላት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የማርቆስ ነዋሪ